የ6 ሚሊዮን ዶላሩ ጊታር፦ የተሸጠው እንጨቱ ነው ወይስ ወረቀቱ?

አንድ ዝነኛ የሮክ ሙዚቀኛ የተጫወተበት ጊታር በሚሊዮን ዶላር ተሸጠ የሚል ዜና በየጊዜው ብቅ ይላል። ዜናው ባሕር ዳር ደርሶ ጣና ዳር ሻይ ላይ ሲነሳ ወሬው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን "ፈረንጅ ብር የሚጥልበት አጣ" ብሎ ይስቃል። ሌላው ዝም ይላል። ቁም ሳጥን ላይ የተጋደመው የአጎቱ ጊታር ትዝ ብሎታል። "እሱም እኮ አሮጌ ነው።"

ሁለቱም የተነሱት ከአንድ ግምት ነው። የሚሸጠው እንጨቱና ክሩ መስሏቸዋል። አንዱ እንጨት ይህን ያህል አያወጣም ብሎ ይስቃል፤ ሌላው እንጨት ካረጀ ያወጣል ብሎ ይመኛል። ገበያው የሚሠራው ግን በሌላ ሂሳብ ነው። ሂሳቡን ለማየት ጥቂት ጊታሮችን ቀረብ ብሎ መመልከት ይበቃል። ዓመታቱ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ገበያ ያጣው ሞዴል

ማርቲን የተባለው የአሜሪካ ጊታር ሠሪ በ1950ዎቹ መጨረሻ ቦክስ ጊታርን ኤሌክትሪክ ለማድረግ ሞክሮ ነበር። ዲ-18ኢ የሚባል ሞዴል አወጣ። ጊታሩ ላይ ፒካፕ ተገጠመበት። ፒካፕ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ፣ ማግኔት ያለበት ዕቃ ነው። ሞዴሉ ብዙ አልተወደደም። 302 ብቻ ተሠርቶ በ1959 ቆመ።

ከነዚህ አንዱ ከዓመታት በኋላ ኩርት ኮቤይን እጅ ገባ። ኮቤይን የኒርቫና ባንድ ድምፃዊና ጊታሪስት ነበር። ኖቬምበር 1993 ላይ፣ ኤምቲቪ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኒው ዮርክ ውስጥ በቀረጸው ዝግጅት፣ በዚሁ ጊታር ተጫወተ። አምስት ወር ሳይሞላ በ27 ዓመቱ ሞተ። ያ ቀረጻ በአድናቂዎቹ ዘንድ እንደ ስንብት ተቆጠረ።

ጁን 2020 ጊታሩ ጁሊየንስ በተባለ የካሊፎርኒያ ጨረታ ቤት ቀረበ። የተገመተው 1 ሚሊዮን ዶላር ነበር። 6.01 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት። ገዢው ፒተር ፍሪድማን የሚባል አውስትራሊያዊ ነው፤ የሮድ ማይክሮፎን ኩባንያ መሥራች። ቪዲዮ የሚሠሩ ልጆች ማይክሮፎኑን ያውቁታል። በብር ማስላት የፈለገ የዕለቱን ምንዛሪ ይዞ ይሞክረው።

የቀሩት 301 ጊታሮች ወደዚህ ዋጋ የሚጠጉበት መንገድ የለም። ፋብሪካቸው አንድ ነው፣ ዘመናቸው አንድ ነው፣ አሠራራቸው አንድ ነው። ልዩነቱ አንድ ምሽት ነው።

ይህን ይበልጥ የሚያጎላው ሹራቡ ነው። ኮቤይን በዚያው ዝግጅት ላይ የለበሰው ሹራብ ኦክቶበር 2019 በ334,000 ዶላር ተሽጧል። ሹራቡ አልታጠበም፣ ሲጋራ አቃጥሎታል፣ አንድ ቁልፉም የለም። እኛ ሰፈር ቢሆን ለወለል መወልወያ ይሆን ነበር። ድምፅ የማያወጣ ጨርቅ ይህን ያህል ካወጣ፣ ሰዎቹ የሚከፍሉት ለሙዚቃ መሣሪያ ብቻ ነው ማለት ይከብዳል።

ዕድሜ ምን ያህል ያስኬዳል?

ዕድሜ ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። ጊብሰን የተባለው ፋብሪካ በ1959 የሠራቸው ሌስ ፖል ጊታሮች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በጊዜው አዲሱ ከ300 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር። የዚያ ዓመት ምርት ጥቂት መቶዎች ብቻ ነው። ዛሬ ማንም ዝነኛ ሰው ያልነካው እንኳ በመቶ ሺዎች ዶላር ይሸጣል።

እዚህም ቢሆን ዝና ከጀርባ አለ። ጊብሰን ያንን ቅርጽ ማምረት ያቆመው ገበያ ስላጣ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽና መጨረሻ ግን እንደ ኤሪክ ክላፕተን፣ ፒተር ግሪንና ጂሚ ፔጅ ያሉ እንግሊዛውያን ጊታሪስቶች አንስተው ተጫወቱበት። ወጣቱ ሁሉ ያንን ድምፅ ፈለገ። ዕቃው ደግሞ አልቋል። ዋጋው የተወለደው ከዚህ ክፍተት ነው። ያረጀ ግን ማንም ያልፈለገው ጊታር ያረጀ ጊታር ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ

በጨረታ ቤቶች ዘንድ ከሁሉ በላይ የምትከበር አንዲት ቃል አለች፦ ፕሮቨናንስ። አንድ ዕቃ ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደተላለፈ የሚያሳይ የማስረጃ ሰንሰለት ማለት ነው፤ የእጅ ታሪክ እንበለው። ደረሰኝ፣ ደብዳቤ፣ ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ የምስክር ቃል፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባል። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ዋጋው አብሮ ይወድቃል።

ቃሉ የፈረንጅ ቢሆንም ነገሩ ለጣና ዳር ሰው አዲስ አይደለም። ጀልባ ይዞ ዘጌ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሄደ ሰው ዕቃ ቤቱን ሲያይ የሚሰማውን ያስብ። ጠባቂው አባት የነገሥታቱን ዘውድ ሲያሳዩ ስንት ግራም ወርቅ እንዳለበት አይናገሩም። የማን እንደሆነና ማን እንደሰጠው ነው የሚናገሩት። የዘውዱ ክብር ያለው እዚያ ላይ ነው።

የብራና መጻሕፍቱ ደግሞ ይብሳሉ። ብዙዎቹ ላይ ማን እንዳጻፈው፣ ለየትኛው ገዳም እንደተሰጠ ተጽፏል። ቀጥሎም የታወቀው ማስጠንቀቂያ ይመጣል፦ "ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን።" የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ሌባው ብቻ አልተወገዘም። ጽሑፉን የሚፍቀውም ተወግዟል። ጸሐፊው የገባው ነገር አለ፤ የባለቤትነቱ ጽሑፍ ከጠፋ መጽሐፉ የማንም ይሆናል። ዛሬ የጨረታ ቤት ባለሙያዎች ሲጨነቁበት የሚውሉት ይህንኑ ነው።

ጊታር ላይ ግዝት አይጻፍም። ስለዚህ ማስረጃው በሌላ መንገድ ይፈለጋል። የአሜሪካዊው ዘፋኝ የቦብ ዲላን ጊታር ታሪክ ይህን ከማንም በላይ ያሳያል። ዲላን በ1965 ኒውፖርት በተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ወጣ። ከታዳሚው የጮኸበት ነበር። ለሮክ ታሪክ ትልቅ ቀን ነው። ጊታሩ ግን ከዚያ በኋላ አንድ የግል አውሮፕላን ውስጥ ተረስቶ ቀረ። በአብራሪው ቤተሰብ ቤት ለአሥርት ዓመታት ተቀመጠ። በ2012 የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጉዳዩን ሲያነሳ ባለሙያዎች የኒውፖርቱን የቀለም ፎቶዎች አወጡ። የእንጨቱን መስመር ከፎቶው ጋር አመሳከሩ። የእንጨት መስመር እንደ ጣት አሻራ ነው፤ ሁለት ሰሌዳ ላይ አንድ ዓይነት አይገኝም። ገጠመ። ዲሴምበር 2013 በ965,000 ዶላር ተሸጠ።

ይህ ፎቶ ማመሳከር የሚባለው ዘዴ ዛሬ ዋናው ፍተሻ ነው። ጭረት፣ የተላጠ ቀለም፣ የሲጋራ ቃጠሎ፣ ሁሉም ይጠናል። የመለያ ቁጥርም ይረዳል። በ1963 የጠፋው የቢትልስ ባንዱ የጆን ሌነን ጊብሰን ጊታር ከ50 ዓመት በኋላ ሲገኝ የረዳው የመለያ ቁጥሩ ነው። በ2015 በ2.41 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ፊርማ ግን ብቻውን ደካማ ማስረጃ ነው። ጊታር ላይ መፈረም ቀላል ነው፤ ማስመሰልም ያንኑ ያህል ቀላል ነው። ዝነኛው የፈረመበት ጊታርና ዝነኛው የተጫወተበት ጊታር በገበያው ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው።

የእጅ ታሪክ ሁልጊዜ ዋጋ ይጨምራል ማለትም አይደለም። አንዳንዴ ሽያጩን ያስቆማል። በ2021 እንግሊዝ አገር ዶርሴት ውስጥ ለጨረታ የቀረቡ የመቅደላ ዕቃዎች ከሽያጭ የወጡት የእጅ ታሪካቸው ወደ 1868ቱ ዘረፋ ስለሚመራ ነው። በኋላም ለኢትዮጵያ ተመልሰዋል። ጊታርም ከዚህ አያመልጥም። የሌላው የቢትልስ አባል የፖል ማካርትኒ ሆፍነር ቤዝ ጊታር በ1961 ሃምቡርግ ውስጥ በ30 ፓውንድ ገደማ የተገዛ ነው። በ1972 ለንደን ላይ ከመኪና ተሰረቀ። መገኘቱ የተነገረው በ2024 ነው። የያዘ ሰው ቢኖር እንኳ በግልጽ ሊሸጠው አይችልም ነበር፤ ዋጋ የሚሰጠው ስም ራሱ ሌብነቱን ያጋልጣል።

ደንቡ የሚገለበጥበት ቦታ

የአሮጌ ጊታር ሰብሳቢዎች አንድ ደንብ አላቸው፦ ምንም አትንካ። ቀለሙ ከታደሰ፣ መቃኛው ከተቀየረ፣ ፒካፑ ከተለወጠ ዋጋው ይወርዳል። ይህ ስም ለሌለው ጊታር እውነት ነው።

ስም ሲመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ኤሪክ ክላፕተን በ1970 አሜሪካ ናሽቪል ከተማ ከአንድ ሱቅ ፌንደር የተባለው ፋብሪካ የሠራቸውን ስድስት አሮጌ ስትራቶካስተር ጊታሮች ገዛ። ሦስቱን ለጓደኞቹ ሰጠ። ከቀሩት ሦስቱ የአንዱን አንገት፣ የሌላውን አካል፣ የሌላውን ፒካፕ ገጣጥሞ አንድ ጊታር ሠራ። "ብላኪ" አለው። በሰብሳቢ ደንብ ይህ የተገጣጠመ ዕቃ ነው፤ ዋጋው ዝቅተኛ መሆን ነበረበት። በ2004 ክሪስቲስ ጨረታ ላይ 959,500 ዶላር አወጣ። የፒንክ ፍሎይድ ባንዱ ጊታሪስት ዴቪድ ጊልሞር ጥቁር ስትራቶካስተርም እንዲሁ ነው። አንገቱ ተለዋውጧል፣ ፒካፑ ተቀይሯል፣ አካሉ ተቦርቡሯል። በ2019 በ3.975 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። እዚህ ላይ መቦርቦሩ ጉዳት አይባልም። የባለቤቱ እጅ ምልክት ነው።

የማሲንቆ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። የማሲንቆ ቆዳ ሲላላ ይለወጣል። የፈረስ ጭራው ሲያልቅ ይቀየራል። እጀታውም ከተሰበረ በሌላ ይተካል። ባለቤቱን "ይህ ያው የዱሮው ማሲንቆህ ነው?" ብትሉት "ታዲያ የማን ሊሆን ነው?" ይላል። ለእሱ ጥያቄው ራሱ ትርጉም የለውም።

ድምፁስ?

"እነዚህ ጊታሮች እኮ የተለየ ድምፅ አላቸው" የሚል ክርክር አለ። በጥንቃቄ መያዝ አለበት። በጊታር ሳይሆን በቫዮሊን ላይ በ2012 የታተመ የታወቀ ጥናት አለ። 21 ቫዮሊን ተጫዋቾች ዓይናቸው በመነጽር ተጋርዶ ሦስት አዲስና ሦስት ጥንታዊ ቫዮሊን ሞከሩ። ከጥንታዊዎቹ ሁለቱ ስትራዲቫሪ የተባለው ዝነኛ የጣሊያን ቫዮሊን ሠሪ ሥራዎች ነበሩ። አብዛኞቹ አዲስ የቱ ጥንታዊ የቱ እንደሆነ መለየት አልቻሉም። በብዛት የተመረጠው አዲስ ነበር። ጊታር ላይ ደግሞ አምፕሊፋየሩና የተጫዋቹ ጣት ከፍተኛ ድርሻ አላቸው። ድምፅ ብቻውን የሚሊዮኖቹን ልዩነት አያስረዳም።

ጨረታው ውስጥ

በዜና የምናየው ቁጥር አንድ አይደለም፤ የሁለት ቁጥሮች ድምር ነው። አጫራቹ መዶሻውን ሲመታ የተጠራው ዋጋ የመዶሻ ዋጋ ይባላል። በዚያ ላይ ገዢው ለጨረታ ቤቱ የሚከፍለው ኮሚሽን ይጨመራል። ብላኪ የተሸጠው በ850,000 ዶላር የመዶሻ ዋጋ ነው፤ 959,500 የሆነው ኮሚሽኑ ሲታከል ነው። ሻጩም በበኩሉ ለጨረታ ቤቱ የሚከፍለው ሊኖር ይችላል። ስለዚህ በዜናው የተጻፈው ገንዘብ ሁሉ ሻጩ ኪስ አይገባም።

ዋጋ ወደ ላይ እንዲተኮስ ብዙ ሰው አያስፈልግም። ሁለት የማይሸናነፉ ሰዎች ይበቃሉ። ስለዚህ አንድ ሽያጭ የገበያው አማካይ ነው ማለት ያሳስታል። የአንድ ምሽት የሁለት ሰዎች እልህ ሊሆን ይችላል።

በጎ አድራጎትም ዋጋ ያንራል። የጊልሞር ጨረታ በጠቅላላው ወደ 21.5 ሚሊዮን ዶላር አስገብቷል፤ ገንዘቡ በአየር ንብረት ጉዳይ ለሚሠራ ድርጅት ነው የሄደው። በ2005 ዶሃ ላይ ለሱናሚ ተጎጂዎች እርዳታ የተሸጠ ስትራቶካስተር 2.7 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። ያ ጊታር የማንም ዝነኛ የመድረክ ጊታር አልነበረም። ብዙ የሮክ ኮከቦች ፈርመውበት ነው። እንዲህ ያለው ዋጋ ልገሳም አለበት፤ ከተራ ሽያጭ ጋር ማወዳደር አይገባም።

ገዢው ደግሞ ሁልጊዜ የዋህ አድናቂ አይደለም። ብላኪን የገዛው ጊታር ሴንተር የተባለ የአሜሪካ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ነው። በ2006 ፌንደር 275 ቅጂዎች ሠራለት፤ እያንዳንዳቸው ወደ 24,000 ዶላር ተሸጡ። ሲባዛ 6.6 ሚሊዮን ይመጣል። ሁሉም ትርፍ አይደለም፤ ግን "ሰውየው አብዷል" ከሚባለው ወሬ የራቀ ንግድ ነው።

አረፋ ነው የሚሉና አይደለም የሚሉ

ዋጋው እንደ አረፋ ያለ ልክ የተነፋ ነው፣ አንድ ቀን ይፈነዳል የሚሉት ጠንካራ ነጥብ አላቸው። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ የአሮጌ ጊታሮች ዋጋ ወርዶ ነበር። ገዢዎቹም ጥቂት ናቸው። የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ባለቤት የነበረው ጂም ኢርሴይ ብቻውን የጊልሞርን ጥቁር ጊታር፣ በ2022 ደግሞ ሌላ የኮቤይን ጊታር በ4.55 ሚሊዮን ዶላር ገዝቷል። ኢርሴይ በ2025 ሞቷል። በጥቂት ሀብታሞች ትከሻ ላይ የቆመ ገበያ አንዱ ሲጎድል ይነቃነቃል። በተጨማሪም ትዝታ የትውልድ ነገር ነው። በ1960ዎቹ ወጣት የነበሩት ሲያልፉ የልጅ ልጆቻቸው ለዲላን ጊታር ያንኑ ያህል ይከፍላሉ ወይ?

ሌላኛው ወገን የሚመልሰው አለ። ከፍተኛው ደረጃ ላይ ያሉ ጊታሮች ቁጥር አይጨምርም፤ ኮቤይን ተመልሶ ሌላ ዝግጅት አያደርግም። ቀረጻዎቹ ደግሞ በኢንተርኔት ለአዲስ ትውልድ በየቀኑ ይደርሳሉ። በእኔ ግምት ሁለቱም የየራሳቸው ቦታ ላይ ልክ ናቸው። አንድ የታወቀ ቅጽበት በቪዲዮ የያዛቸው ጥቂት ጊታሮች ዋጋቸውን ይዘው የሚቆዩ ይመስላል። "እገሌ አንድ ወቅት ይዞት ነበር" የሚባሉት መካከለኞቹ ግን መጀመሪያ የሚወድቁት እነሱ ናቸው።

ሌላ ክርክርም አለ፤ መሣሪያው በካዝና ይቀመጥ ወይስ ይጫወቱበት? "ግሪኒ" የሚባለው የፒተር ግሪን ሌስ ፖል ዛሬ በሜታሊካ ባንዱ ጊታሪስት በኪርክ ሃሜት እጅ ነው። ሃሜት መድረክ ላይ ይጫወትበታል። አንዳንድ ሰብሳቢ ሲያየው ልቡ ይደነግጣል። ግን እያንዳንዱ መድረክ በጊታሩ የእጅ ታሪክ ላይ አንድ መስመር ይጨምራል።

ከጣና ዳር ሲታይ

እኛም ዘንድ የዚህ ገበያ ታናሽ ወንድም አለ። ሸክላ ነው። አምሃ እሸቴ በ1969 ባቋቋመው አምሃ ሪከርድስ የታተሙ ሸክላዎች በጊዜው ተራ የቡና ቤት ዕቃ ነበሩ። ካሴት ሲመጣ ብዙዎቹ ተጣሉ። ከ1997 ጀምሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያንን ዘመን ሙዚቃ በተከታታይ አልበም ለዓለም ሲያቀርብ ፈላጊ መጣ። ዛሬ ንጹሕ የሆነ ኦሪጅናል ሸክላ በውጭ ሰብሳቢዎች ዘንድ በመቶዎች ዶላር ይሸጣል። ትንሽ ሕትመት፣ ከዚያ መርሳት፣ ከዚያ ዝና። የሌስ ፖሉ ታሪክ ራሱ ነው።

መሣሪያዎቹ ላይ ግን እንዲህ ያለ ገበያ አልተፈጠረም። የካሳ ተሰማ፣ የሜሪ አርምዴ፣ የአስናቀች ወርቁ ክራር፣ የአይቤክስና የሮሃ ባንዱ ሰላም ወልደማርያም ጊታር፣ ባሕር ዳርን ያደመቀው የግሽ ዓባይ የኪነት ቡድን መሣሪያዎች፤ ስማቸው ከኮቤይን ለእኛ ይቀርባል። ምክንያቱ ድህነት ብቻ ነው ማለት ያንሳል። በእኛ ባህል ክብሩ የሚሄደው ለእጁና ለጉሮሮው ነው። ክራር ሲሰበር ሌላ ይሠራል። ዕቃውን ከሰውየው ለይቶ የሚያከብር ልማድ ያለን በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ነው፤ በአዝማሪ ቤት አይደለም።

ነገ አንድ ሰው "ይህ የአስናቀች ክራር ነው" ብሎ ይዞ ቢመጣስ? ነገሩ ተስፋ የሌለው አይደለም። እንዲያውም ክራር ከፋብሪካ ጊታር አንድ ብልጫ አለው። መለያ ቁጥር የለውም፤ ግን በእጅ ስለሚሠራ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ጌጡ፣ የእንጨቱ ጉብጠት፣ የመቃኛዎቹ አቀማመጥ ከድሮ ፎቶና ፊልም ጋር ሊመሳከር ይችላል። የሚያስፈልገው ፎቶው መገኘቱ ነው። ቅርስ ተብሎ የሚቆጠር ዕቃ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ይህ አዋጅ በእኛ አቆጣጠር የ1992 ነው። ስለዚህ በኢንተርኔት የመጣ የውጭ ገዢ ሁሉ እንደ ዕድል መታየት የለበትም።

ዛሬ ባሕር ዳር ሆቴሎች ውስጥ ማታ ማታ የሚጫወቱ ባንዶች አሉ። ከመሃላቸው ማን ነገ ዝነኛ እንደሚሆን አይታወቅም። ጊታሩን የገዛበትን ደረሰኝ የያዘ፣ የመለያ ቁጥሩን በስልኩ ያነሳ፣ መድረክ ላይ ፊት ለፊት የተነሳ ጥርት ያለ ፎቶ ያለው ልጅ የእጅ ታሪኩን ከወዲሁ ጽፏል። ወጪው ከአንድ ቡና አይበልጥም።

ቁም ሳጥን ላይ የተጋደመውን ጊታር በተመለከተ ደግሞ የመጀመሪያው ሥራ ቤንዚንም ቀለምም አለመንካት ነው። ሁለተኛው አጎትየውን በሕይወት እያሉ መጠየቅ ነው፦ ጋሼ፣ ከማን ገዙት? የት የት ተጫወቱበት? ከማን ጋር? ፎቶ አለ? መልሱ "ከጓደኛዬ ገዝቼው ለሠርግ ተጫወትኩበት" ከሆነ ጨረታ ቤት አያስፈልግም። አዲስ ክር ገዝቶ መቃኘት ነው።